ታይሚንግ ቤልቱ ለምን ደጋግሞ ጥርስ ይዘላል? (ኮሮላ 1.6፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር)

ጥያቄ፦ «መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1994 ሞዴል ኮሮላ 1.6 ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ ማርሿ ማንዋል። ታይሚንግ ቤልቱ ከተቀየረ ገና ዓመት አልሞላውም። ከጥቂት ወራት በፊት ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት፣ ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ቤንዚንም በዛባት። አንዱ መካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን ሲያዞረው ትንሽ ተሻላት። ሌላው ከፍቶ ‹ቤልቱ አንድ ጥርስ ዘሏል› አለና ወደ ቦታው መለሰው። አሁን ያው ችግር ተመልሷል። ቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም። ቤልቱን እንደገና ልቀይር? መንገድ ላይ ቢበጠስስ ሞተሩ ያልቃል?»

ምላሽ፦

ቤልቱን አዎ፣ ይቀይሩ። ቤልት ብቻ ቀይረው ከዘጉት ግን እንደገና ይዘላል። ታይሚንግ ቤልት ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት በጥርስ አያይዞ አብረው እንዲዞሩ የሚያደርግ ነው። ጤነኛ ቤልት በትክክል ተወጥሮ ከተገጠመ ጥርስ የሚዘልበት መንገድ የለም። ከዘለለ ወይ ውጥረቱ ላልቷል፣ ወይ ዘይት ወይም ውሃ ጠጥቷል፣ ወይ ፑሊው ራሱ ሻፍቱ ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሁለተኛው መካኒክ ምልክቶቹን መልሶ አገጣጥሞ ዘግቷል፤ ለምን እንደዘለለ ግን የፈለገ የለም።

ስለ መበጠሱ የጠየቁት በእርስዎ ሞተር የሚያሰጋ አይደለም። 4ኤ-ኤፍኢ ፒስቶንና ቫልቭ የማይገናኙበት ሞተር ነው፤ ቤልቱ ቢበጠስ ሞተሩ ቆሞ ይቀራል እንጂ ቫልቭ አይጣመምም። ይህ ግን ለዚህ ሞተር ብቻ ነው። ሃያስ ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው ይህን አንብቦ እንዳይዘናጋ፦ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍታ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ቤልቱ የናፍታ ፓምፑንም ጭምር ስለሚያዞር ጥርስ መዝለሉ ብቻ እንኳ ብዙ ያበላሻል። በነሱ ላይ ጥርጣሬ ካለ ሞተር አይነሳም፣ መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል።

ቼክ ኢንጂን አለመብራቱ ምንም አያረጋግጥም። በዚህ ዓመት 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን አቀማመጥ የሚያውቀው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ባሉት ሴንሰሮች ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ደግሞ የሚዞረው በካምሻፍት ነው። ቤልቱ ሲዘል ካምሻፍቱም ዲስትሪቢዩተሩም አብረው ስለሚዘገዩ ለኮምፒዩተሩ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። የክራንክና የካም ሴንሰር ለየብቻ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ልዩነቱን ይይዙና ኮድ ያወጣሉ፤ የእርስዎ አይችልም።

የመጀመሪያው መካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን ሲያዞር ለምን እንደተሻላት ከዚሁ ይገባል። ካምሻፍቱ ሲዘገይ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ቫልቮቹ ከሰዓታቸው ዘግይተው ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ ካንዴላውም ዘግይቶ እሳት ይሰጣል። ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር እሳቱን ያስተካክላል፤ ቫልቮቹን ግን አይነካም። ስለዚህ መኪናዋ ግማሽ ትድናለች፣ ምልክቱም ይደበዝዛል፣ ቤልቱ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ መላላቱን ይቀጥላል። ዲስትሪቢዩተሩ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት መጨረሻ ድረስ ተገፍቶ ካገኙት፣ ሽፋኑን ሳይከፍቱ በፊት ቤልቱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

አንድ ጥርስ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ የካምሻፍት ፑሊውን ጥርሶች ይቁጠሩና 720ን ለዚያ ያካፍሉ። 40 ጥርስ ቢሆን 18 ዲግሪ የክራንክ ሻፍት ነው፤ 48 ቢሆን 15። የዚህ ሞተር መነሻ የእሳት ሰዓት ራሱ 10 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ሲያስቡ፣ አንድ ጥርስ «ትንሽ ነገር» እንዳልሆነ ይታያል። ቤንዚን የበዛባትም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ቫልቮቹ ሲዘገዩ የኢንቴክ ማኒፎልዱ ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል) ይወርዳል፣ የቫኪዩም ሴንሰሩ ይህን እንደ ከባድ ጭነት ያነበዋል፣ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ካንዴላዎቹን ቢያወጡ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

ሽፋን ከመክፈት በፊት፦ ኮምፕረሽን

ሞተሩን ያሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡ፣ የዲስትሪቢዩተሩን የኤሌክትሪክ ሶኬት ይንቀሉ፣ በየካንዴላው ቀዳዳ ተራ በተራ የኮምፕረሽን ጌጅ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት የሚለካ) እየገጠሙ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ በስታርተር ያዙሩ። የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ልክ 191 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው 142፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ14 ፒኤስአይ የማይበልጥ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 191 የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር እዚህ የሚያነበው 145 ገደማ ነው። ዝቅተኛው ልክም ወደ 107 ይወርዳል። ድሬዳዋ ላይ፣ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ያው ጤነኛ ሞተር 165 አካባቢ ያነባል። አዲስ አበባ ውስጥ 140 አይቶ «ፋሻው (የፒስቶን ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ከፍታውን ያስታውሱት።

ከቁጥሩ ይልቅ አወዳደቁን ይመልከቱ። አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ፣ ለምሳሌ ሁሉም 100 እና 105 መካከል ከሆኑ፣ የቫልቭ ሰዓት ተዛብቷል ማለት ነው፤ አራት ፋሻ በአንድ ወር እኩል አያልቅም። አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቭ ወይም ፋሻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከወረዱ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ነው። ጥርጣሬ ከቀረ በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሰው ይድገሙት፦ ፋሻ ከሆነ ንባቡ በግልጽ ይጨምራል፣ ቤልት ከሆነ እምብዛም አይነቃነቅም።

ቫኪዩም ጌጅ ያለው ጋራዥ ካገኙ ደግሞ ሚኒሞ ላይ ይለካ። ባሕር ጠለል ላይ ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች የሚያነብ ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 እስከ 13 ያነባል። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ከዚያ በታች ረግቶ ከቆመ ዘግይቶ የሚሠራ ካምሻፍት ይጠርጥሩ፤ የእሳት መዘግየትና የአየር መሳብም መርፌውን ስለሚያወርዱት ግን በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ምልክቶቹን ማየት

የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። የላይኛው የቤልት ሽፋን በ10 ቁጥር ቡሎኖች የተያዘ ነው። የቫልቭ ሽፋኑን አብሮ ማንሳት ሥራውን ያቀልለዋል፤ ጋስኬቱ ካረጀ በዚሁ ይቀየራል። ካንዴላዎቹ ወጥተው ከሆነ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። ክራንክ ሻፍቱን በፑሊው ቡሎን ይዘው፣ ከቤልቱ በኩል ቆመው ሲያዩት በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ብቻ ያዙሩት። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ አልፈው ከሄዱ ዙሩን ጨርሰው እንደገና ይምጡ። በካምሻፍት ፑሊው ቡሎንም አያዙሩ።

የክራንክ ፑሊው ጠርዝ ላይ ያለችው ጭረት ታችኛው ሽፋን ላይ ካለው «0» ጋር ስትገጥም ያቁሙ። ካምሻፍት ፑሊው ላይ የላቲኑ ኬ ፊደል ያለበት ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ቀዳዳ አሻግረው ሲያዩ ከኋላው ያለው የካምሻፍት ክዳን ላይ ያለችው ምልክት መሃል ለመሃል መታየት አለባት። ቀዳዳው በተቃራኒው ወገን ከሆነ ሞተሩ በጭስ ማስወጫ ዙር ላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

ሁለት ነገር ያሳስታል። የመጀመሪያው ዐይን ነው፦ ከላይ ዘንበል ብሎ ያየ ሰው ግማሽ ጥርስ ያህል ይሳሳታል፤ ዐይንዎን ከቀዳዳው ጋር ቀጥ አድርጉ፣ ካልተቻለ ትንሽ መስታወት ይጠቀሙ። ሁለተኛው የክራንክ ፑሊው ነው። በሁለት ብረት መካከል ጎማ ያለው ፑሊ ከሆነ፣ ጎማው ሲያረጅ የውጩ ቀለበት ከነጭረቱ ይንሸራተታል፤ ያኔ «0» ውሸት ይናገራል። ለማረጋገጥ በመጀመሪያው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ይክተቱና ፒስቶኑ ጫፍ መድረሱን ይመልከቱ። ታችኛው ሽፋን ከወጣ በኋላ ደግሞ የማይዋሸው ምልክት ይገኛል፦ የክራንኩ የቤልት ጥርስ ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ከዘይት ፓምፑ አካል ላይ ካለው ጋር ይገጥማል።

ከዘለለ፣ ወደየት እንደዘለለ ይጻፉ፤ ምክንያቱን ይጠቁማል። ካምሻፍቱ ወደ ኋላ ከቀረ ሞተሩ ወደ ፊት እየሠራ ወይም ስታርተር ሲመታ ክራንኩ የላላውን ቤልት ጥሎት አልፏል ማለት ነው፤ የተለመደው ይህ ነው፣ የእርስዎም ዲስትሪቢዩተር ታሪክ ወደዚሁ ያመለክታል። ካምሻፍቱ ቀድሞ ከተገኘ ግን ወይ መጀመሪያውኑ ተሳስቶ ተገጥሟል፣ ወይ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞሯል። ሞተር ወደ ኋላ የሚዞረው፣ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ መኪና ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ በአንደኛ ማርሽ ቆሞ ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ነው። ያኔ ጭነቱ በላላው ወገን ላይ ያርፋል፣ ደካማ ሞላ ያለው ቤልት ይዘላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከኮፋኖ ሥር ሳይሆን የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ጎማ ሥር ድንጋይ።

ምክንያቱን መፈለግ

አሁን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። የፊት ቀኝ ጎማና የጭቃ መከላከያው ይውጣ፣ የዲናሞው፣ የመሪውና የኤሲው ችንጋዎች ይፈቱ፣ የውሃ ፓምፑ ፑሊ ይፈታ። በሞተሩ ሥር ክሪክና ወፈር ያለ እንጨት ተደርጎ የቀኙ የሞተር መቀመጫ ይወጣል፤ እንጨቱ ከሌለ የዘይት መያዣው ይሰረጉዳል። የክራንክ ፑሊውን ቡሎን ለመፍታት አምስተኛ ማርሽ አስገብተው ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ። ቁልፍ አስደግፎ በስታርተር መፍታት የሚባለውን ዘዴ አልመክርም፤ ቁልፉ የት እንደሚወረወር አይታወቅም።

መጀመሪያ የሚታየው የመወጠሪያው ፑሊ ነው፣ አይድለር የሚባለው። አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ስለሆነ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። አይድለሩ ተንሸራታች ቀዳዳ ባለው ብረት ላይ ተቀምጦ በአንድ ሞላ ወደ ቤልቱ ይሳባል፣ ከዚያ በአንድ ቡሎን ይታሰራል። ሞላው የሚሠራው በሚገጠምበት ሰዓት ብቻ ነው። ቡሎኑ ከታሰረ በኋላ ሞላው ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም፤ የሚይዘው ቡሎኑ ነው። ብዙ ሰው ግን ሞላው ዕድሜ ልክ ራሱ እያስተካከለ የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ሦስት ስሕተት ይሠራል፦ ቡሎኑን በደንብ አያጠብቀውም፤ ወይም ሞተሩ ሳይዞር፣ ልልነቱ ሌላ ወገን ተደብቆ ሳለ ያስረዋል፤ ወይም ሞላው ደክሞ ሳለ «ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሦስቱም የሚያመጡት አንድ ነው፣ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚዘል ቤልት።

ቡሎኑን ሲፈቱት እጅዎ ላይ ስንት ኃይል እንደጠየቀ ልብ ይበሉ። በቀላሉ ከተፈታ ምክንያቱን አግኝተዋል። ብረቱ ላይ ቡሎኑ ያረፈበትን ቦታ ያጽዱና ይመልከቱ፤ በቀዳዳው ርዝመት አንጸባራቂ የሆነ የመፋተግ ምልክት ካለ አይድለሩ እየተንሸራተተ ነበር። ሞላውን በብርሃን ያዩት፦ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው መቀመጥ አለባቸው፤ በመካከላቸው ብርሃን ከታየ ተለጥጧል፣ ይቀየር። አይድለሩን ጆሮዎ ሥር አድርገው በጣት ያሽከርክሩት። ድምፅ ካለው፣ ከቆረቆረ፣ ወይም ግራሶው አልቆ እንደ ቀላል መንኮራኩር ለረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው አብቅቷል። የተያዘ ኩሽኔታ ደግሞ የቤልቱን ጀርባ ያቃጥለዋል፤ ጀርባው ጥቁርና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ይሆናል።

ቀጥሎ ዘይት። ቤልቱን በሁለት ጣት ይዘው ይጭመቁት፤ ካሟለጨ ወይም ጎማው ከለሰለሰ ዘይት ጠጥቷል። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ቦታው ይናገራል፦ ከላይ ከካምሻፍት ፑሊው ጀርባ ከሆነ የካምሻፍት ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬት፣ ከታች ከሆነ ዘይት ፓምፑ ላይ ያለው የክራንክ ኦይል ሲል። የካምሻፍቱንና የክራንኩን ሲል ሁለቱንም አሁን ይቀይሩ፤ ዋጋቸው ከጉልበት ዋጋው ጋር አይወዳደርም። አዲሱን ሲል ከንፈሩን ግራሶ ቀብተው፣ ከነበረበት ጥልቀት ሳያሳልፉ እኩል ይምቱት። የድሮውን ሲያወጡ ካቻቢቴው ሻፍቱን ከጫረ አዲሱ ሲልም ያፈሳል፤ የካቻቢቴውን ጫፍ በቴፕ ይጠቅልሉ።

የውሃ ፓምፑ በዚህ ሞተር ላይ በታይሚንግ ቤልት አይዞርም፣ በውጩ ችንጋ ነው። ሆኖም ከቤልቱ አጠገብ ስለሆነ ሲያፈስ ይደርስበታል። ከሥሩ የደረቀ አረንጓዴ ወይም ቀይ ዝገት መሳይ ፍሰት ካለ ይቀየር። ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሰው ፓምፑን ቶሎ እንደሚገድል በዚህ አጋጣሚ ልጥቀስ።

አሁን ብዙዎች የሚያልፉት ቦታ፦ የክራንኩ የቤልት ጥርስ ፑሊና ሻፍቱ ላይ እንዳይዞር የምትይዘው ትንሽ ቁልፍ ብረት። የክራንክ ፑሊው ዋና ቡሎን በበቂ ካልጠበቀ ፑሊው በእያንዳንዱ የእሳት ምት ወደ ፊት ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፍ ብረቱንና የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ይበላል። ያኔ ቤልቱ አንድም ጥርስ ሳይዘል «የዘለለ» ይመስላል፤ ምልክቱ አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ አይገጥምም። ፑሊውን በእጅ ይዘው ግራ ቀኝ ያወዛውዙት። ቅንጣት ያህል እንኳ ከተጫወተ ያውጡት። በቁልፍ ብረቱ ዙሪያ ቡና መሳይ ቀይ የዝገት ዱቄት ካገኙ ፍለጋው እዚህ ያበቃል። ቁልፍ ብረቱና ፑሊው ብቻ ከተበሉ ይቀየራሉ፤ ሻፍቱ ራሱ ከተበላ ግን ቶርኒተሪ የሚያይ ጉዳይ ነው፣ በቆርቆሮ መሙላት አይሆንም። የካምሻፍት ፑሊውም ቡሎን በዚሁ ዓይን ይታይ።

የፑሊዎቹን ጥርሶች ጫፍ በጥፍር ይዳስሱ። ስለት ካወጡ ወይም በአቧራ ጭቃ ከተሞሉ ጥርሱ ከቤልቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ታችኛው ሽፋን ተሰብሮ ወይም ቡሎን ጎድሎት የሚሄድ መኪና ላይ የመንገዱ አሸዋ ሁሉ እዚያ ይገባል።

ዕቃ ሲገዙ

ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የድሮውን ቤልት ይዘው ይሂዱ፣ «የኮሮላ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የ1.3ና የ1.6 ሞተሮች ቤልት አንድ አይደለም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፣ ወርዱን በካሊፐር ይለኩ፣ ሁለቱን ቤልቶች ጎን ለጎን አድርገው የጥርሶቹን ቅርጽ ያስተያዩ፤ ክብ ጥርስ ለክብ፣ አራት ማዕዘን መሳይ ለአራት ማዕዘን። የድሮው ራሱ ተሳስቶ የተገዛ ሊሆን ስለሚችል በሞተሩ ኮድ ከካታሎግ ማመሳከሩም አይጎዳም። አዲስ ቤልት ጀርባው ፈዘዝ ያለ፣ ጽሑፉ የጠራ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ነው። ሻጩ ጥንካሬውን ለማሳየት ወደ ውጭ አጥብቆ ካጠፈው ወይም ከጠመዘዘው ያንን አይግዙ፤ ውስጡ ያለው የመስታወት ክር አንዴ ከታጠፈ ከውጭ ሳይታይ ይሰበራል።

የሚገዙት ቤልት፣ አይድለር፣ ሞላ፣ የካምና የክራንክ ኦይል ሲል፣ የቫልቭ ሽፋን ጋስኬት ነው። አንዴ ጥርስ የዘለለ ቤልት «ገና አዲስ ነው» ተብሎ አይመለስም፤ ሲዘል የጥርሶቹ ሥር ተጎድቷል። ሁለተኛው መካኒክ የመለሰው ቤልት ቶሎ የዘለለበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

መግጠም

ሥራው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ፑሊዎቹን ያጽዱና ያድርቁ። አይድለሩንና ሞላውን ይግጠሙ፣ አይድለሩን ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ገፍተው ቡሎኑን ለጊዜው ያጥብቁት። ሁለቱንም ምልክቶች ያገጣጥሙ። ቤልቱን ከክራንኩ ይጀምሩ፣ አይድለር የሌለበትን የቀኙን ወገን ወጥረው ወደ ካምሻፍቱ ያውጡት፤ ልልነቱ በሙሉ በግራ፣ በአይድለሩ በኩል መቅረት አለበት። በካቻቢቴ አያስገቡት። ያገለገለ ፑሊ ላይ ቤልቱ እምቢ ካለ ካምሻፍቱን በጣም ጥቂት ማወዛወዝ ይበቃል።

አሁን የአይድለሩን ቡሎን ግማሽ ዙር ይፍቱት፤ ሞላው ራሱ ይስበዋል። እርስዎ በብረት አይግፉት፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቤልት ያፏጫል፣ የአይድለሩንም ኩሽኔታ ይበላል። ክራንኩን በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብለው ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው በ«0» ላይ ያቁሙ። በዚህ ዙር ውስጥ የተደበቀው ልልነት ሁሉ ወደ አይድለሩ ይመጣል፣ ሞላውም ይበላዋል። ምልክቶቹ ከገጠሙ ብቻ ቡሎኑን በ37 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ካልገጠሙ ቤልቱን አውጥተው ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ግማሽ ጥርስ የሚባል የለም።

ውጥረቱን በቀኙ ረጅም ወገን መሃል ላይ ይለኩ፦ 2 ኪሎ ያህል ጫና ሲደረግበት ከ5 እስከ 6 ሚ.ሜ መግባት አለበት። ትንሽ የዓሣ ሚዛን እዚህ ከግምት ይሻላል።

የቤልት መሪ የሆነችው ሰፊ ዋሽር ከክራንክ ጥርስ ፑሊው ፊት ትገባለች፤ ጎድጓዳው ወገኗ ወደ ውጭ ያያል። ተገልብጣ ከገባች ጠርዟ ቤልቱን እየላጠ ይሄዳል፣ ሽፋኑ ውስጥ ጥቁር የጎማ ብናኝ ያገኛሉ። ከዚያ ታችኛው ሽፋን፣ ክራንክ ፑሊ፣ ዋናው ቡሎን በ118 ኒውተን ሜትር፤ የካምሻፍት ፑሊው ቡሎን ተፈትቶ ከነበረ በ59። ካንዴላ በ18። ዋናውን ቡሎን በግምት «እስኪበቃ» ማጥበቅ ከላይ ያልኩትን የቁልፍ ብረት መበላት መልሶ የሚያመጣ ነውና ቶርክ ሬንች ከሌለ ይዋሱ።

ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ክፍተቱ መሃል ይመልሱት። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ቤልቱ ተዛብቶ ሳለ ለማካካስ የተገፋው ዲስትሪቢዩተር እዚያው ከቀረ፣ አሁን እሳቱ 15 ወይም 18 ዲግሪ ያለ ቅጥ ይቀድማል፤ ስታርተሩ ይመታል ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ባለቤቱም «ቤልቱ ከተሠራ ወዲህ ባሰባት» ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ በዲያግኖስቲክ ሳጥኑ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ያገናኙ፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ ማስቀደሙን ያቆማል። ሚኒሞው 800 አካባቢ ሆኖ በታይሚንግ ላይት 10 ዲግሪ ላይ ያስተካክሉ፣ ያጥብቁ፣ ሽቦውን ያውጡ። ሽቦው ሳይገናኝ የተስተካከለ ታይሚንግ የተስተካከለ አይደለም።

ሥራው እስኪሠራ መንዳትን በሚመለከት፦ ቫልቭ አይጣመም እንጂ፣ ቤልቱ ሌላ ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ በድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ የመሪውም የፍሬኑም እገዛ አብሮ ይሄዳል። ከቤት እስከ ጋራዥ በቀስታ መሄድ ይቻላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ግን በዚህ ሁኔታ አይታሰብም። የዘገየ እሳት ማርሚታውንና ሞተሩንም ከልክ በላይ ስለሚያሞቅ የሙቀት ጌጁን ይከታተሉ።

ከተሠራ በኋላ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ የላይኛውን ሽፋን ብቻ አንስተው ዘይትና የጎማ ብናኝ መኖሩን ይዩ፣ ምልክቶቹንም አንድ ጊዜ ያረጋግጡ። ቀጣዩ ቅያሬ በመጽሐፉ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ መኪና እኔ 80,000 ወይም አምስት ዓመት፣ የቀደመውን እወስዳለሁ። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፈው ሽፋኑ ላይ ይለጥፉት፤ ቀጥሎ ኮፋኖውን የሚከፍተው መካኒክ ከግምት ይድናል።